የመዝገብ ቤቷ ድመት መብላት ያቆመች ሰሞን

ክልሉ አዲስ በተቋቋመባቸው ዓመታት አሶሳ ውስጥ፣ በአንድ ቢሮ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ከጎጃም ተመድቤ ስመጣ የተረከብኩት መደርደሪያ የሌለው ክፍል፣ ከየወረዳው በጆንያ ተጭኖ የመጣ ፋይልና አንዲት ግራጫ ድመት ነበር። አይጥ ወረቀቱን ቢያስቸግር ድመቷን ያመጣቻት የቢሮው ፅዳት ሠራተኛ ናት። የበርታ ሴት ነች፤ ዕድሜዋ ከእናቴ ስለማያንስ እማማ እላታለሁ። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። ሴት ብሆንም «አንተ» ነበር የምትለኝ፤ ድመቷንም «እሱ»።

ክረምቱ አጋማሽ ላይ ድመቷ መብላት አቆመች። መጀመሪያ ልብ አላልኩም። መዋቅሩ በየጊዜው ይቀየራል፤ ትናንት በአንድ መምሪያ ስም ያሰርኩትን ፋይል ዛሬ ፈትቼ በሌላ ስም አስራለሁ። ስብሰባው ደግሞ አያልቅም። ከሁለት ቀን በኋላ ከጆንያዎቹ ጀርባ ተኮራምታ፣ ዓይኗ በዓይነ አር ተጣብቆ፣ አፍንጫዋ ተደፍኖ አገኘኋት።

ወተት አቀረብኩላት፤ ፊቷን አዞረች። ከምግብ ቤት የለመንኩትን ጥሬ ሥጋ አድቅቄ ሰጠኋት፤ ዝንብ ወረረው። በመጨረሻ አንድ የእንስሳት ጤና ረዳት ለምኜ አመጣሁ። የተማረው ስለ ከብት እንደሆነ፣ ድመት አክሞ እንደማያውቅ አስቀድሞ ነገረኝ። ቢሆንም አገላብጦ አያትና ጉንፋን መሰል ነገር ይዟታል አለ። ድመት ካላሸተተች እንደማትበላ አስረድቶኝ፣ መርፌው የወጣለት ሲሪንጅ ሰጠኝ፤ መረቅ በአፏ ጥግ ቀስ እያልኩ እንዳጠጣት።

ቀስ ማለት አልሆነልኝም። የጠዋቱ ደብዳቤ ሳይመዘገብ፣ ኃላፊው እየጠራኝ፣ አንገቷን ይዤ እግታት ጀመር። ትን ይላታል፤ ትተፋዋለች፤ እጄን ትቧጭረኛለች። በሦስተኛው ቀን ሲሪንጁን ስታይ ልትሸሽ ሞከረችና ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ግድግዳው ላይ ተደገፈች። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለእሷ ብቻ ያለቀስኩ አይመስለኝም።

እማማ መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ድመቱ ምግቡን አልጠላም» አለችኝ። «አንተን ነው የፈራ። ሁልጊዜ ትቸኩላለህ።»

ሲሪንጁን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤቷ ሄዳ ከዳቡስ ወንዝ የወጣ ደረቅ ዓሣ ይዛ ተመለሰች። በሙቅ ውሃ ዘፈዘፈችው። ክፍሉ በዓሣ ሽታ ተሞላ፤ ከጎናችን ያሉት ሠራተኞች በራቸውን ዘጉ። ለብ ባለ ጨርቅ የድመቷን ዓይንና አፍንጫ ደጋግማ ጠረገች፤ ሳትይዛት፣ በራሷ ቋንቋ የሆነ ነገር እያለቻት። ከዚያ ጣቷን መረቁ ውስጥ ነክራ የድመቷ ከንፈር ላይ ቀባችና እጇን ሰበሰበች።

«ተቀመጥ» አለችኝ። «አትየው።»

ለድመቷ ጀርባችንን ሰጥተን ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ኃላፊው ሁለት ጊዜ ጠራኝ፤ አልተነሳሁም። ብዙ ቆይቶ የምላስ ድምፅ ሰማሁ። እማማ ሳትዞር ጣቷን እንደገና ነክራ ወደ ኋላ ዘረጋችላት። የዚያን ቀን የላሰችው ሁሉ ቢጠራቀም አንድ ማንኪያ አይሞላም። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንቅልፌ ብቻ መጣ።

ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ አደረግን። ከመረቁ ወደ ዓሣው፣ ከጣት ወደ ሳህን ተሸጋገረች። ድናም ግን ወደ ጆንያዎቹ ድርሽ አላለችም፤ የእማማን እግር እየተከተለች ከቢሮ ቢሮ ትዞራለች። አይጦቹ እንደልባቸው ሆኑ። እኔም ስለተበላው ፋይል በጽሑፍ ተጠየቅሁ፤ መልሱን ጻፍኩ፤ የጻፍኩትንም ራሴው መዝግቤ አስቀመጥኩ።

በዓመቱ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ስዛወር ድመቷ እማማ ቤት ገብታ ነበር። አንድ እሑድ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከቀርከሃው አጥር ሥር ወፍራ ተኝታለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ አንድ ዓይኗን ገልጣ አየችኝና መልሳ ጨፈነችው።