ጉብታዎቹን ስለካ የተያዝኩበት ረፋድ

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የገበሬውን መሬት ሊወስድ ነው በሚል በተነሳው ተቃውሞ መንገዱ ተዘግቶ፣ ሱሉልታ የማስተምርበት ትምህርት ቤትም ከተዘጋ ሳምንት አልፎታል። ብዙ ቤት ሐዘን የገባበት ሰሞን ነበር። እኔ ግን ተከራይቼ ከምኖርባት ክፍል መውጣት አማረኝ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ስለሆንኩ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ረግረጉ ሜዳ ላይ ያሉት ክብ የድንጋይ ጉብታዎች ሁሌም ያጓጉኝ ነበር። ጽሑፍ ከመምጣቱ በፊት የኖሩ ሰዎች ሙታናቸውን የቀበሩባቸው ናቸው ይባላል። አንድ ረፋድ ደብተሬንና የልብስ ስፌት ሜትሬን ይዤ ሄድኩ።

ሦስተኛውን ጉብታ እየለካሁ ቀና ስል፣ ሣር ሲያጭዱ የነበሩ አምስት ገበሬዎች ከበውኛል።

«ማነው የላከሽ?» አለኝ አንደኛው፣ ጎልማሳ ነው።

«ማንም።»

«ታዲያ ሜትሩ?»

ገና ያኔ ነቃሁ። መሬታችን ሊወሰድ ነው ተብሎ አገር በተቆጣበት ወቅት ሜዳቸው መሃል ሜትር ዘርግቼ ቁጥር እጽፋለሁ! «መቃብር ነው የምለካው» ብላቸው ጭራሽ ተያዩ። «አከራዬን ጠይቁ» አልኩ።

አከራዬ ወተት የሚሸጡ አሮጊት ናቸው፤ የማያውቃቸው የለም። አጅበው ወሰዱኝ። እሳቸውም «አከም ጅርቱ?» ብለው ሁሉንም ሰላም ካሉ በኋላ ነገሩን ሰምተው ከት ብለው ሳቁ።

«ይቺ ናት መሬት የምትወስድ? የቤቷን ቁልፍ እንኳ በሳምንት ሁለቴ የምትጥል!»

ገበሬዎቹም ሳቁ። ጎልማሳው ግን ደብተሬን እያየ ቆየና፣ «ትልቁን አልለካሽውም» አለ። «ከወንዙ ማዶ ያለው ይበልጣል።»

«አይበልጥም!» አለ ሌላው።

በዚህ ክርክር ተነስተን ሁላችንም፣ አከራዬ ጭምር፣ ወደ ሜዳው ተመለስን። የእኔ ሜትር አጭር ስለሆነ ነዶ የሚያስሩበትን ገመድ አመጡ። አንዱ ጫፍ ይይዛል፣ ሌላው ይጎትታል፣ የቀሩት አጭበረበርክ እያሉ ይጮኻሉ። ከወንዙ ማዶ ያለው ከሌሎቹ በሁለት ክንድ በለጠ።

«ንጉሥ ነው የተቀበረበት» አለ ጎልማሳው በኩራት።

«ሴት ናት» አሉ አከራዬ። «ይህን ሁሉ ድንጋይ የሚሸከምላት ልጅ የወለደች እናት።»

«አንቱ ደግሞ!» ብሎ ሳቀ እንጂ አልተከራከራቸውም። እኔም የማውቀው ነገር ስላልነበረ ሁለቱንም ጻፍኩ። ከዚያ ጎልማሳው ጠጋ ብሎ፣ ትልቁን የለካው እሱ መሆኑ እንዳይረሳ ስሙን ከቁጥሩ ጎን እንድጽፍለት ለመነኝ። ጉልህ አድርጌ ጻፍኩለት።