የአባቴ ደጋን

ደረቅ እንጨት ሲጎብጥ የሚያሰማትን ቀጭን የስንጥቅ ድምፅ ዛሬም በድንገት ስሰማት ትከሻዬን አሸማቅቄ እቆማለሁ፤ ወዲያውም ድሮ ሜልቦርን፣ ሰንሻይን ዌስት ከነበረው የኪራይ ቤታችን ጋራዥ በር ላይ እገኛለሁ።

አባቴ አዲስ አበባ ሳለ አናጺ ነበር። አውስትራሊያ ከገባን በኋላ ግን ዲር ፓርክ ካለ ፋብሪካ ዕቃ ሲያሽግ ይውልና ቤት ሲመለስ እጆቹን የት እንደሚያኖራቸው የጠፋው ይመስል ነበር። አንድ ክረምት ጎረቤታችን ጋሼ ፍራንክ፣ ጡረታ የወጡ እንግሊዛዊ፣ ዩ ከሚባል ዛፍ የተሰነጠቁ ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ሰጡትና የድሮ እንግሊዞች ደጋን እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩት ጀመሩ። ግራ ዓይናቸው የመስታወት ነበረች። ምን ነክቷት እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «ደጋን ተሰብሮብኝ ነው» አሉኝ እንደ ቀላል ነገር። ከዚያ ወዲያ የአባቴን ዓይኖች ሳላይ መዋል አልቻልኩም።

የእንጨቱ ብናኝ መርዝ ስላለው አባቴ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ሲልግ ይውል ነበር። እናቴ ልብሱን ለብቻ እያጠበች፣ «ከጦርነት ሸሽተን መጥተን አንተ መሣሪያ ትሠራልኛለህ?» ትለው ነበር።

«እንጨት ነው እንጂ ምን መሣሪያ አለው» ይላታል።

ጸደይ ሲገባ ደጋኑን ግድግዳ ላይ ደግፎ፣ አውታሩን በገመድ ወደ ታች እየሳበ የደጋኑ ሁለት ክንዶች እኩል መጉበጣቸውን ያይ ነበር። ያልታዘዘለትን ወገን ፍቆ እንደገና ይስባል፤ በሳበ ቁጥርም እንጨቱ ያቃስታል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ በልቤ እየጸለይኩ፣ «ዳድ፣ ስቶፕ» እለው ነበር፤ እሱ ግን አይሰማኝም።

በበጋው፣ ሙቀቱ ጋራዡን ምድጃ ባደረገበት ቅዳሜ፣ ጋሼ ፍራንክ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «ዛሬ እንጨቱ በጣም ደርቋል፣ ተወው» አሉት። አባቴ ትንሽ ነው የቀረኝ ብሎ በእጁ ወጥሮ ሳበው። ደጋኑ እንደ ጥይት ጮኾ ለሁለት ተሰበረ፤ የላይኛው ስባሪ ፊቱን መታውና በጉልበቱ ወደቀ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር፣ ደሙ በጣቶቹ መሐል ይወርዳል።

እናቴ ሮጣ መጥታ አጠገቡ ተንበረከከች።

«እጅህን አንሳ፣ ልየው።»

«እፈራለሁ» አላት።

አባቴ እፈራለሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። እሷ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። ቅንድቡ ተሰንጥቋል፤ ዓይኑ ግን ደህና ነበረች።

ሁላችንም ነገሩ በዚያው ያበቃ መስሎን ነበር። በልግ ላይ ግን አባቴ ሁለተኛውን እንጨት አወጣ። እናቴ አልተቆጣችም፤ ፊት የሚሸፍን የብየዳ ጭንብል ከሰው ተውሳ አምጥታ፣ «ካልተውከው ይህን አድርግ» አለችውና እሷም በርጩማ ስባ ጋራዡ ውስጥ ተቀመጠች። ያ ደጋን አልተሰበረም። አባቴ በጋሼ ፍራንክ ጓሮ የመጀመሪያውን ቀስት ሲወረውር ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ቀስቱ ለዒላማ የቆመውን የጭድ እስር ሲወጋ ሰምቼ ነው የገለጥኩት። አባቴ እየሳቀ እናቴን ያያል፤ እሷ ግን አሁንም ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ ታይ ነበር።

ዛሬ እዚያው ሜልቦርን፣ ትሩጋኒና ነው የምኖረው። ልጄ በቅርቡ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ መጋዘን የማታ ሥራ ጀምሯል፤ መኪናውን አስነስቶ ሲወጣ ከመንገዱ ማጠፊያ ወዲያ አላየውም። ያኔ የምፈራው ነገር ዓይኔ ሥር ነበር፣ ከፈራሁም እናቴ ከጎኔ ነበረች። አሁን ስልኬን ይዤ ሳሎን ቁጭ እላለሁ፤ ልጄም ሲመለስ፣ «ማም፣ አሁንም አልተኛሽም?» ይለኛል።