ጋቢ የለበሰው ቀጋ

ዜባህ፣ ዙሪክ ዳር ያለው ሰፈሬ፣ ትራም ስጠብቅ ከፌርማታው አጥር ሥር የቆመ ቀጋ አያለሁ። በረዶ ተሸክሞ፣ ፍሬው ቀልቶ፣ ምንም አልመሰለው። ባየሁት ቁጥር ጥፋቴ ትዝ ይለኛል፤ እኔ በልጅነቴ ቀጋ ገድዬ አውቃለሁና።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ጄኔቭ አጠገብ ካሩዥ ከእማዬ ጋር እኖር ነበር፤ ሁለታችን ብቻ። አንድ እሁድ ወንዝ ዳር ስንሄድ ድንገት ቆመችና «ውይ! ቀጋ! የኛው ቀጋ እኮ ነው!» ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። አገሬው የዱር ጽጌረዳ ይለዋል፤ እሷን ማን ያሳምናታል! ከሥሩ የበቀለ ቡቃያ ነቅላ በሻርፗ ጠቅልላ አመጣችና በአሮጌ ባልዲ በረንዳ ላይ ተከልነው። ባልዲውን በምስማር የበሳሁት እኔ ነኝ። በዓመቱ ፈዘዝ ያለ ሮዝ አበባ አወጣ፤ ሲያሸቱት ፖም ፖም ይል ነበር።

እማዬ ቢሮ ስታጸዳ አምሽታ ነው የምትገባው። እኔ ደግሞ ፈረንሳይኛው ቢቀናኝም ጓደኛ የሚባል አልነበረኝም። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወሬዬን ሁሉ ለቀጋው አወራለሁ፤ ማን እንዳሾፈብኝ፣ ምሳ ላይ ማን ከአጠገቤ እንደተነሳ። እሾሁ ሲወጋኝ «ተው እንጂ!» ብዬ እቆጣዋለሁ። ጤና ነው አይባልም መቼም!

ብርድ ሲገባ እማዬ «ይሄ ምስኪን ይሞትብናል» ብላ ባልዲውን ሳሎን አስገባች፤ ማሞቂያው ጎን አስቀምጣ ጋቢ አለበሰችው። ለእኔማ ሠርግና ምላሽ ሆነልኝ። ጥር ላይ ግን ገርጣ ያለ ቅጠል አውጥቶ መርገፍ ጀመረ። ጨነቀንና ከታች ቤት የሚኖሩትን አሮጊት፣ ማዳም ኦዴትን፣ ጠራናቸው። ጋቢውን አይተው ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ «ብርድ የለመደ ተክል ነው፤ ክረምቱን ውጭ ካልከረመ ይሞታል» አሉኝ። የእማዬ ፈረንሳይኛ ከሰላምታ አያልፍም፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። በረንዳው ደግሞ ለብርዱ ተዘግቷል። እሱ ከወጣ እኔ ከማን ጋር ልዋል?

«ሙቀት ጨምሩለት ይላሉ» አልኳት። አፌ እንኳ አልተደናቀፈም።

እማዬ አንዴ በረንዳውን አንዴ እኔን አየችና ጋቢውን ጠበቅ አደረገችለት። ሚያዝያ ላይ ደረቀ። «እጄ ለተክል አይሆንም» ብላ ዳግመኛ ምንም አልተከለችም። ይህ ነገር ሃያ ዓመት ሙሉ ሆዴን ሲበላኝ ኖረ።

ባለፈው ሳምንት ደውዬ ተናዘዝኩላት። ሳቀች።

«የኔ ልጅ፣ ሴትየዋ በረንዳውን በጣታቸው ሲያሳዩ እኮ ዓይን ነበረኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ካንቺ ጋር የሚውል ሌላ ምን ነበረና?»

ያኔ ብቻዬን የምውለው እኔ ነበርኩ። ዛሬ እኔ ዙሪክ በሥራ ስባክን፣ ካሩዥ በዚያው ቤት ብቻዋን የምትውለው እሷ ናት፤ አጠገቧ ቀጋ እንኳ የለም።