በጨው የተሸጠው ልጅና የዝዋይ ነፋስ

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከሰዓት... ዝዋይ ሐይቅ መሐል፣ ሞተሩ ቀጥ ባለ ጀልባ ላይ፣ የዘጠኝ ወር ልጄን አቅፌ ቁጭ ብያለሁ። እናንተዬ፣ እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

ጣጣው የመጣው ከመጽሔት ነው፤ ከዚህ ከምታነቡት ሳይሆን ከፈረንጅ መጽሔት። ባለቤቴ አንዲት ፈረንጅ ጨቅላዋን ባርኔጣ አጥልቃለት በትልቅ መርከብ ስትዝናና የሚያሳይ ፎቶ አየና ሰላም አጣሁ። «እነሱ ሕፃን ይዘው ባሕር ያቋርጣሉ፤ እኛ ከበረንዳችን የምናየውን ሐይቅ እንፈራለን?» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ሰማዩ ሲጠራ አሰላ ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ሆኖ፣ ዝዋይ ከታች እንደ አዲስ ቆርቆሮ ሲብለጨለጭ ይታያል። «መርከቡ ቢቀር ጀልባ አለ!» አለና ከጓደኛው ላንድሮቨር ተዋሰ። ለልጁም ነጭ ባርኔጣ ገዛለት።

ለመሄድ ግን የእኔና የእሱ መስማማት አይበቃም። ልጁ የእኛ አይደለማ!

አትደንግጡ። ከእሱ በፊት ሁለት ልጆች ቀብሬያለሁ። ይኼኛው ሲወለድ ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ መጡና አንድ ስኒ ጨው ራስጌዬ አስቀምጠው «ገዝቼዋለሁ» ብለው ልጁን ይዘውት ወጡ። ቤቱን ዞረው በጓሮ በር ተመለሱና «ይኼን ልጄን አጥቢልኝ» አሉኝ። በቃ፤ ያ ሁለቱን የወሰደብኝ ነገር ተመልሶ ቢመጣ፣ እኔ ዘንድ የሚያገኘው ልጅ የለም። ስሙንም ቱፋ አሉት፤ በኦሮምኛ የተናቀ፣ የተጣለ እንደማለት ነው።

ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «አንቺ ሞግዚት! ልጄን እንዴት አሳደርሽልኝ?» ይላሉ። ባለቤቴ በሳቅ ይሞታል። «ታዲያ ደመወዟን ይክፈሏታ!» ይላቸዋል።

የሽርሽሩን ወሬ ሲሰሙ ግን አልሳቁም። «ልጄ ያለ እኔ ውሃ ላይ አይወጣም» አሉና ሻሻቸውን አጥብቀው ላንድሮቨሩ ውስጥ ገቡ።

ዝዋይ ደርሰን ጀልባ ከነነጂው ተከራየን፤ ስንሄድ ውሃው ለጥ ብሎ ተኝቶ ነበር። ሐይቁ ውስጥ ካሉት ደሴቶች አንዷ ላይ ወርደን ዳቧችንን በላን፤ ባለቤቴ ልጁን ከነባርኔጣው ፎቶ አነሳው፤ ተሳሳቅን። ነፋሱ የተነሳው ስንመለስ ነው።

መጀመሪያ ባርኔጣውን ወሰደው። ያቺ ትንሽ ነጭ ነገር ማዕበሉ ላይ ብቅ ጥልቅ እያለች ስትርቅ ሁላችንም አፋችንን ይዘን አየናት... እኔ ልጁን ወደ ጉያዬ ሳብኩት።

ቀጥሎ ሞተሩ አንድ ሁለቴ አስነጠሰና ዝም አለ። ጀልባ ነጂው ገመዱን ይስባል፣ ይስባል... ወይ ፍንክች! ማዕበሉ ጀልባዋን ወደ ጎን አዞራትና ውሃው ላያችን ላይ ተደፋ።

«ዝቅ በሉ! ሁላችሁም ወለሉ ላይ!» ብሎ ጮኸ ነጂው።

ባለቤቴ በልጁ የወተት ጣሳ ውሃ እየጨለፈ ወደ ውጭ ይደፋል። እኔ ልጁን ደረቴ ላይ ለጥፌ «ልጄን! እመብርሃን፣ ልጄን!» እያልኩ እጮሃለሁ።

አዴ ዘይነባ በጉልበታቸው እየተሳቡ መጡ። «ዝም በይ!» አሉኝ። እንዲህ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። «የማንን ልጅ ነው ልጄ የምትይው? አምጪ ልጄን!»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከውሃው ይልቅ እሳቸውን ፈራሁ። እጃቸው ርሷል፤ ጀልባዋ ትናጣለች። ሳቀብላቸው ቢያመልጣቸውስ?

«አዴ፣ አሁን አይሆንም... ዳር ስንደርስ...»

«ዳር ስንደርስ የለም! ያ የወሰደብሽ ነገር ይሰማሻል!»

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ይስቅባቸዋል፣ «ተዪአቸው» ይለኛል ብዬ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ስጪያቸው» አለኝ። «የእሳቸው አይደለም እንዴ? ስጪያቸው!»

በነገሩ ሲስቅ የከረመ ሰው እንዲህ ሲል ስሰማ... የቀረችኝ ትንሽ ተስፋም ያኔ ከዳችኝ።

ሰጠኋቸው።

ልጁን ቀሚሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ በሻሻቸው ከደረታቸው ጋር አሰሩትና ወለሉ ላይ፣ ውሃው ውስጥ ዘፍ ብለው ወደ ሐይቁ ጮኹ። «ይኼ የዘይነባ ነው! ይቺ ሴትዮ ልጅ የላትም! ሰማህ? ምንም የላትም!» ቀጥሎ በኦሮምኛ ደገሙት፤ ከዚያ ዱዓ ያዙ። እኔም ጥርሴ እየተንገጫገጨ «የለኝም... ልጅ የለኝም...» አልኩ። ሁለቱን ስቀብር እንኳ ያላልኩትን ቃል፣ እናንተዬ።

ሞተሩ መቼ እንደተነሳ አላውቅም። ዳር ደርሰን መሬት ስረግጥ እጄን ዘረጋሁ።

አዴ ዘይነባ ፈቀቅ አሉብኝ። «ገና ነው። ውሃው ያየናል።»

ላንድሮቨሩ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ልጁ ጡት ፈልጎ ያለቅሳል፤ ወተቴ ቀሚሴን አርሶታል። እኔ ግን የሌላ ሰው ልጅ አጠገቡ እንደሚያለቅስበት መንገደኛ ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ ዳገቱን ወጣሁ። ዞሬ ባየው የምከዳው መሰለኝ። ባለቤቴም መሪውን ጨብጦ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ነዳ።

አሰላ ገብተን ባሕር ዛፎቹ ሐይቁን ሲጋርዱልን፣ አዴ ዘይነባ በኋላ መስኮት አሻግረው አዩ፤ ደግመው አዩ። ከዚያ ሻሻቸውን ፈቱ።

«በይ፣ አሁን አጥቢልኝ።»

ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ስለ ደመወዝ ቀልዶ አያውቅም።

ዛሬ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ዝዋይ ከታች ይብለጨለጫል። ልጁ እየዳኸ ወደ በረንዳው ጫፍ ሲሄድ አየሁትና «ልጄ!» ልል አፌን ከፈትኩ... ሐይቁን አየሁ።

«የአዴ ዘይነባ ልጅ፣ ና ወዲህ!» አልኩት።