ከኦፕራሲዮኑ በፊት ልታይ የወጣችው

እናቴ ከመቀሌ የመጣችው ለዓይኗ ነው። ግራ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ ቀኙንም ሞራ ጋርዶት ሰው የምትለየው በድምፅ ሆኖ ነበር። ኢምፔሪያል አካባቢ ያለ ክሊኒክ ቀጠሮ ያዝንላት። ሐኪሙ ኦፕራሲዮኑ ብዙ ጊዜ እንደሚሳካ ነገራት። እናቴ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፣ ቃል አታሳልፍም፤ «ብዙ ጊዜ» የምትለዋን ይዛ ቀረች።

ቀጠሮው እስኪደርስ የካ አባዶ፣ እኔ ጋ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከረመች። መቀመጥ አልሆነላትም። ግድግዳውን እየዳበሰች ከበረንዳው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ በረንዳው ትመላለሳለች። እኔም ተጋብቶብኝ ኦሎምፒያ ያለው ቢሮዬ ውስጥ አልረጋ አልኩ። በየደቂቃው እደውላለሁ፤ «ደህና ነኝ፣ ሥራሽን ሥሪ» ትለኛለች።

የኦፕራሲዮኑ ዋዜማ ፈቃድ ወስጄ ቤት ነበርኩ። ጠዋት ከመኝታ ቤት ስወጣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ በሩ ጋ ቆማለች።

«ጓለይ» አለችኝ። በትግርኛ ልጄ የምትለኝ ሲጨንቃት ነው። «ሥዕል ያለበት ውሰጂኝ። ሙዚየምም ውሰጂኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ሉሲ ሳስተምር ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አላየኋትም።»

«እማዬ፣ አሁን ምን ይታይሻል? ሲሻልሽ እንሄዳለን።»

«ባይሻለኝስ?»

ቦርሳዬን አነሳሁና ወጣን።

ሚኒባሱ እስከ መገናኛ ተንፏቀቀ። እዚያ ሌላ ይዘን ቦሌ ደረስን፤ ከቢሮ ስወጣ አንዳንዴ ብቅ የምልበት ትንሽ የሥዕል ጋለሪ ገባን። ከጥበቃው በቀር ማንም የለም። እናቴ ብርሃን ወዳለበት ሄደች፣ ትልቁ ሥዕል ፊት ቆመች፣ እጇን ዘርግታ ዳሰሰችው። ቀለሙ ወፍራም ነው፤ ጣቶቿ ወጣ ገባውን ተከትለው ሄዱ።

«እማማ! በእጅ አይነካም!» አለ ጥበቃው እየሮጠ።

«ታዲያ በምን ልየው ልጄ?»

ሰውየው ቀና ብሎ ዓይኗን አየ። ከዚያ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ሥዕሉ ላይ ምንድን ነው ያለው?» አለችኝ።

«ሴትዮ ናት፣ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ልብሷ ሰማያዊ ነው።»

«ምን ዓይነት ሰማያዊ? እንደ ተማሪ ዩኒፎርም ነው ወይስ እንደ ሰማይ?»

ይህን ሥዕል ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሰማያዊው ምን ዓይነት እንደሆነ ግን አስቤ አላውቅም። «እንደ ... እንደ ጠዋት ጭስ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። የቀሩትንም እየተዟዟርን ነገርኳት፤ ገና አንዱን ሳልጨርስ «ቀጥሎስ?» ትለኛለች፣ ክንዴን እየጎተተች።

ከዚያ በኮንትራት ታክሲ ሙዚየም ሄድን። ምድር ቤት ስንወርድ ተማሪዎች ተጋፍተዋል። ትከሻዋን ይዤ ወደ ሉሲ አዞርኳት። ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች።

«አጥንቶቹ ቡናማ ናቸው፣ ቁመቷ ...»

«ተዪው፣ እሱን አውቀዋለሁ። ከጎኔ ቁሚልኝ ብቻ።»

ስልኬን ከቦርሳዬ አወጣለሁ፣ እመልሳለሁ።

«ፈርቻለሁ» አለች፣ ፊቷን ሳታነሳ። «ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ አንቺን ሳስቸግር መኖሩን ፈራሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አልኳት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሁለታችንም አላልነውም ነበር። ወገቧን አቀፍኳት፤ ተማሪዎቹም እንድናልፍ መንገድ ለቀቁልን።

በማግስቱ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት። ክሊኒኩ ውስጥ መቆየት አቃተኝ። ወጥቼ እስከ ኢምፔሪያል መጋጠሚያ፣ ከዚያ ተመልሼ እስከ ክሊኒኩ በር፣ የሚኒባስ ረዳቶቹ «ገርጂ! ገርጂ!» እያሉ በሚጠሩበት መሃል ስመላለስ አንዱ ረዳት ተሳፋሪ መስዬው በሩን ከፍቶ ጠበቀኝ።

ፋሻው የተነሳው በሚቀጥለው ቀን ነው። ሐኪሙ ጣቱን ሊያሳያት ሲዘጋጅ እሷ አሳልፋ እኔን አየችኝ።

«ከስተሻል» አለች። «ፊትሽ አልቋል። ምሳ አትበይም እንዴ?»

እያለቀስኩ ሳቅኩ። ሐኪሙም ሳቀ።

አሁን መቀሌ የመመለሱን ነገር ማንም አያነሳም። ጠዋት ከእኔ ቀድማ ትወጣለች። ስደውል አንድ ቀን ፓርክ ናት፣ አንድ ቀን የተማሪዎች የሥዕል ትርኢት ላይ ናት፤ «እያየሁ ነው፣ በኋላ ደውዪ» ብላ ትዘጋዋለች። ባለፈው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ስልኳ ዝግ ሆነብኝ። ከቢሮ ሮጬ ወጣሁ፤ የካ አባዶ ስደርስ ቤቱ ተቆልፏል። ታክሲ ተራው ላይ ቆሜ ከሚመጣው ሚኒባስ ሁሉ የሚወርደውን ሰው ፊት አንድ በአንድ አየሁ።

በመጨረሻ ላስቲክ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወረደች። ከኋላዋ በዕድሜ እኩያዋ የሆነች፣ ሂጃብ የለበሰች ሴት ወረደች። ትርኢቱ ላይ ነው የተዋወቁት፤ ለካ የምትኖረው ከእኛ ብሎክ ጀርባ ነው።

«የት ነበርሽ? ስልክሽ ለምን ተዘጋ?» ጮህኩባት።

«ባትሪ ጨርሷላ» አለችና ወደ ሴትየዋ ዞረች። «ልጄ ናት። ትንሽ ጭንቀታም ናት፣ አይዞሽ።»

ሴትየዋ እጄን ጨብጣ ሳቀች። ከዚያ ሁለቱ ተያይዘው፣ ያዩት ሥዕል ላይ እየተከራከሩ፣ ኩሬውን እየዘለሉ ቀደሙኝ። ልቤ ገና አልረጋም ነበር፤ ቢሆንም ልደርስባቸው ፈጠን አልኩ።