የአያቴ ቀዳዳ ቆርቆሮ

አያቴ ካረፉ ወዲህ ጋፋት ያለው የገብስ ማማቸው ባዶ ነው። ዝንጀሮውን የሚጠብቁት በጠመንጃ ነበር። ዓይናቸው ሲደክም ከደብረ ታቦር ለጠመንጃቸው ዒላማውን በቀይ ነጥብ የሚያመለክት ቀለል ያለ ማነጣጠሪያ መነጽር ገዙ፤ ቀዩ ነጥብ ግን እንደ ኮሸሽላ አበባ ተበተነባቸው። ሊመልሱት ሲሄዱ ነጋዴው በሰው ፊት «መነጽሩ ምን አለበት? የታወርከው አንተ ነህ!» ብሎ ሳቀባቸው። እቤት መጥተው የጣሳ ቁራጭ በምስማር በሱና ጠመንጃቸው ላይ አሰሩ፤ በዚያች ቀዳዳ ዒላማው ጠርቶ ታያቸው።

በነጋዴው ስናደድ «ይኸው ትበቃኛለች፤ ተወው ልጄ» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን አልተውኩትም።

በአርባቸው ማግስት ነጋዴው ዓይኑን አጨንቁሮ መጣ። «ነጥቡ በእኔም ዓይን መበተን ጀመረ። አያትህ ሠሯት የሚሏትን ቆርቆሮ አሳየኝ፣ በሞቴ!»

«አብራቸው ተቀብራለች» አልኩት።

ኪሴ ውስጥ ነበረች።