የመምሬ ካሳ ግዝት

በደርግ ጊዜ አንበሳሜ ከተማ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ሳለሁ እንደ አያ ተገኘ ያስቸገረኝ በሽተኛ አልነበረም። ሽንታቸውን ከሰማያዊው የስኳር መመርመሪያ ፈሳሽ ጋር ባፈላሁት ቁጥር እንደ ሸክላ ይቀላል። የስኳር በሽታ ነው። «ጠጁን ይተዉ፣ ይገድልዎታል» ስላቸው «የገዛ ንቤ ማር እንዴት አድርጎ ይገድለኛል?» ይሉኛል።

ቢጨንቀኝ የንስሐ አባታቸው መምሬ ካሳ ዘንድ ሄድኩ። የመንግሥት ሠራተኛ ቄስ ሲለማመጥ ካድሬው ቢያይ በስብሰባ ፊት ሂሴን ያስውጠኝ ነበር። መምሬ ግን አላሳፈሩኝም። አያ ተገኘን አስጠርተው መስቀላቸውን አወጡና «ከእንግዲህ ጠጅ እንዳትቀምስ ገዝቼሃለሁ!» አሏቸው።

አያ ተገኘ አንገታቸውን ደፉ። «የጣልኩት ሁለት ጋን ጠጅስ ምን ይሁን አባቴ?»

«ለእሱ አታስብ፤ ወደ እኔ ቤት ላከው።»

ግዝቱ ሠራ። የአያ ተገኘ ምርመራ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። በወሩ አያ ተገኘ መምሬን ደግፈው ይዘዋቸው መጡ። መምሬ ውሃ ጥሙ አላስቆም አላስቀምጥ ብሏቸዋል፤ ሽንቱማ ቅዳሴ አላስጨርስ ብሏቸው ደብሩ ሁሉ ጉድ ብሏል። አፈላሁት፤ ቀላ።

«አንቱም ጠጅ ይተዉ» አልኳቸው።

መምሬ ተከዙ። «ሌላውን እኔ እገዝታለሁ፤ እኔን ማን ይገዝተኛል? የቀረውስ አንድ ጋን ምን ይሁን?»

አያ ተገኘ ፊታቸው በራ።

«ለእሱ አያስቡ አባቴ፤ ብቻ እኔን ከግዝቱ ይፍቱኝ!»